የመሸሻ ደምና እትዬ ብዙነሽ

በአንድ ሰፈር ሐኪም ላይኖር ይችላል፤ የሰውን በሽታ ከደጃፍ ሆኖ የሚያውቅ ግን መቼም አይጠፋም። በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ኮልፌ ውስጥ ይህን ሥልጣን ያለ ሹመትና ያለ ደሞዝ የያዙት ክብርት እትዬ ብዙነሽ ነበሩ።

ፍርዳቸው አንድ ነው፤ «ደም አንሶህ ነው!» ራስህን ቢያምህ ደም አንሶህ ነው። ሚስትህ ብታኮርፍ ደም አንሷት ነው። አንድ ጊዜ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ዳገት ላይ ቆሞ፣ ወርደው ሞተሩን አዩና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። መድኃኒታቸውም አንድ ነው፤ ጥሬ ጉበት በሚጥሚጣ።

ቅቤ ነጋዴው ጓደኛዬ መሸሻ ፊቱ እንደ በርበሬ ሲቀላ ገበያው ሁሉ «ተመችቶታል» አለ። በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ገላው ያሳክከው ጀመር። ቆይቶ ሆዱ ተነፋ። እትዬ ብዙነሽ ጉበት ላኩለት።

እኔ ነርስ ነበርኩና ወደምሠራበት ሆስፒታል ወሰድኩት፤ ሐኪሙ መርምሮ የደረሰበት ነገር እስካሁን ይደንቀኛል። የመሸሻ መቅኔ ከልክ ያለፈ ደም ያመርታል፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ የደም ካንሰር ነው። የወፈረ ደም ይረጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚረጋው እግር ላይ ነው። የእሱ ግን ከጉበት በሚወጣው የደም ሥር ውስጥ ረጋ። ደም እንዲህ ባልተለመደ ሥር ሲረጋ ሐኪም «ደሙ ራሱ ታሞ ይሆን?» ብሎ ይመረምራል። ቦታው ራሱ መንገድ ያሳያል!

ሕክምናው ደም መቅዳት ነበር። ካልተቀዳ ሌላም ሥር ይደፈንና ሊሞት ይችላል። መሸሻ ግን፣ «እትዬ ብዙነሽ ካላሉ ደሜን አልሰጥም!» አለ።

ቤቱ ሄጄ ስለምነው እትዬ ጉበታቸውን በሳህን ይዘው ገቡ።

«እትዬ፣ የግቢዎ ቦይ ቢደፈን ውሃው ወዴት ይሄዳል?» አልኳቸው።

«ወደ ግቢዬ ይመለሳላ! ይኼም ጥያቄ ሆኖ?»

«የመሸሻም ሆድ እንደዚያው ነው። ደሙ አላነሰም፤ በዝቶና ወፍሮ ቦዩን ደፈነው።»

ሳህኑን ከደኑት።

«አባቴ ራሳቸውን ሲያማቸው ዋግምት ታግመው ደም ያስወጡ አልነበር? ይኼም ያው ነው፤ ቀንዱ መርፌ ሆነ እንጂ። ተነስ አንተ!»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ደም አንሶሃል ያሉኝ?»

«አልኩ፤ ተሳሳትኩ። ጫማህን አድርግ!»

ከዚያ በፊት እሳቸው ተሳሳትኩ ሲሉ የሰማ ኮልፌ ውስጥ አልነበረም።

መሸሻ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቅቤ ሸጧል። እኔ የማልረሳው ግን የመጀመሪያውን ቀን ነው። ደሙ ወደ ጠርሙሱ ሲወርድ እትዬ አጠገቡ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ለካ ደም ማየት አይችሉም!

«ጨረሳችሁ?»

«ጨረስን፣ እትዬ።»

«እንግዲያው መሸሻ፣ እጄን ልቀቀኝ፤ ጣቴን ሰበርከው!»

አጥብቀው የያዙት እሳቸው ነበሩ። መሸሻም እኔም አልነገርናቸውም።