ቀብድ የተበላባት መኪና

እሑድ ጠዋት ነው፤ ሳርጎዳ ከተማ፣ ከልብስ ሰፊው ከፊዳ ቤት ደጃፍ። በሩ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ቆማለች፤ ነጭ መሆኗን የምናውቀው ፊዳ ስለነገረን ነው። የፊዳ እህት ባል፣ ከመስኖ መሥሪያ ቤት በጡረታ የተሰናበቱት ባሻራት፣ ጭንቅላታቸውን በመስኮቷ አስገብተው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ያነባሉ። ባሻራት በዕድሜያቸው ከብስክሌት ሌላ የነዱት ነገር የለም፤ ስለ መኪና ግን የማያውቁት የለም። በእኛ ዘንድ የእህት ባል ሲናገር የሚስት ወንድም አያቋርጥም። ይህ ወግ ባሻራትን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተመችቷቸው ኖሯል።

ባሻራት፦ አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር! ይቺ እኮ ገና ሙሽራ ናት!

ፊዳ፦ ጋሼ፣ ቆጣሪው ከአምስት አኃዝ በላይ አይዝም። ሲሞላ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ባሻራት፦ እና ስንቴ ጀመረ?

ፊዳ፦ አራቴ። በዞረ ቁጥር ለጎረቤት ጣፋጭ አድለናል። እርስዎም በልተዋል።

ባሻራት፦ የበላሁትን አትቁጠርብኝ! ገዢ ሲመጣ «አሥራ ሁለት ሺህ» ትላለህ፣ አለቀ።

ፊዳ፦ ውሸት ነዋ።

ባሻራት፦ የተጻፈውን ማንበብ ነው ውሸት? እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ስልሳውን ትቼ «ስምንት ነኝ» ብል ምን ይለኛል?

ፊዳ፦ ለስምንት ዓመት ልጅ ጡረታ አይከፍሉም ጋሼ።

ባሻራት፦ (ጭንቅላታቸውን ከመስኮቱ ሲያወጡ ይጋጫሉ፤ እንዳልተጋጨ ሰው ይቆማሉ) ክላክሱስ ይሠራል?

ፊዳ፦ ወደ ግራ ሲታጠፉ ይሠራል።

ባሻራት፦ ወደ ቀኝ ስትታጠፍስ?

ፊዳ፦ እኔ በመስኮት እጮሃለሁ።

ባሻራት፦ ይሄ በር?

ፊዳ፦ እሱ ከውጭ አይከፈትም። ከውስጥም ቢሆን ደስ ካለው ነው።

(ባሻራት በሌላኛው በር ገብተው ቁልፉን ያዞራሉ። መኪናዋ ታስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ በማርሚታዋ ሰማያዊ ጢስ ትለቃለች። በመንገዱ ግራና ቀኝ መስኮቶች ድብ ድብ እያሉ ይዘጋሉ።)

ባሻራት፦ ሰዉ ምን ሆኖ ነው?

ፊዳ፦ ማዘጋጃ ቤት የትንኝ መድኃኒት የሚነፋ እየመሰላቸው ነው። በዚህ ሰፈር ትንኝ ካየን ሦስት ዓመታችን።

ባሻራት፦ (ሞተሩን እያጠፉ) ሽጣት! ዛሬውኑ ሽጣት! ገና ትናንት ነው «ለሽያጭ» ብዬ ወረቀት የለጠፍኩላት።

ፊዳ፦ አይቻለሁ ጋሼ። እኔ ግን ገና አልቆረጥኩም። ኑዝሃት የነገ ሳምንት፣ ሰኞ፣ የነርስ ኮሌጅ ትጀምራለች። ከዚህ አርባ ኪሎ ሜትር ነው፤ አውቶቡሱ ደግሞ ከድልድዩ ወዲያ አይሻገርም። የማደርሳት በዚች መኪና ነው። ልጄ የመጀመሪያውን ቀን ከቀረች ቦታዋን ለሌላ ይሰጡባታል።

ባሻራት፦ ሽጠህ ሞተር ሳይክል ግዛ።

ፊዳ፦ በብርዱ ወራት፣ በዚያ ጭጋግ? እርስዎ አምና በብስክሌት ጎሽ የገጩት እኮ በጭጋጉ ነው።

ባሻራት፦ ጎሹ ነው የገጨኝ!

ፊዳ፦ ጎሹ ታስሮ ነበር ጋሼ።

ባሻራት፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ! ስማኝ ፊዳ፣ አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ለሄደች መኪና ማሳደሻ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ቂል ነው። በል ድገመው።

ፊዳ፦ ለዚች መኪና ማሳደሻ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ቂል ነው።

ባሻራት፦ ጎሽ። ጭንቅላትህ ውስጥ አስቀምጠው።

ፊዳ፦ አስቀምጫለሁ። ማውጣቱንስ ከየት አምጥቼ? የልብስ ስፌት ማሽኔን ልሸጥ አስቤ ነበር፤ ከዚያ በምን ልበላ ነው ብዬ ተውኩት። ለማንኛውም አንድ ሰው መጥቶ እንዲያያት ጠርቻለሁ። እሱ...

ባሻራት፦ ገዢ ጠርተህ ነው እስካሁን አፍህን የዘጋኸው!

ፊዳ፦ አይ፣ ሰውየው...

ባሻራት፦ ታላቅ ሲናገር!

(ፊዳ አንገቱን ይደፋል። ባሻራት ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ብልሃት መጥቶላቸው አያውቅም፤ ቢያንስ ከጎሹ ወዲህ።)

ባሻራት፦ በእሑድ የመኪና ገበያ ደላሎቹ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃለህ? ከመካከላቸው አንዱ ገዢ መስሎ ይቆማል። እውነተኛው ገዢ እሱን ሲያይ ይቀናል፣ ዋጋ ይጨምራል። ዛሬ ያ ሰው እኔ ነኝ። አታውቀኝም።

ፊዳ፦ ማንን?

ባሻራት፦ እኔን!

ፊዳ፦ የእህቴ ባል ከሆኑ እኮ ሃያ ስድስት ዓመት...

ባሻራት፦ ዛሬ አይደለሁም! እከራከራለሁ፣ ዋጋ እሰቅላለሁ፣ አስፈላጊ ከሆነም ቀብድ አውጥቼ በእጅህ አስቀምጣለሁ። ገዢው ቀብዱን ሲያይ መኪናዋ ልታመልጠው ነው ብሎ ያብዳል። የቀብድን ሕግ ታውቃለህ?

ፊዳ፦ ይንገሩኝ ጋሼ። እኔ ቀስ ብሎ ነው የሚገባኝ።

ባሻራት፦ ገዢ ሐሳቡን ከለወጠ ቀብዱ ቀረበት። ሻጭ ሐሳቡን ከለወጠ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አያቶቻችንም በዚሁ ነው የኖሩት፤ ንቅንቅ የለም።

ፊዳ፦ ገዢ ከለወጠ ቀረበት። ሻጭ ከለወጠ እጥፍ።

ባሻራት፦ ደሞ ልብ አድርግ። ብልጥ ገዢ ጨዋታ መሆኑን ለመያዝ ቆሞ ይታዘባል። ስለዚህ ቀብዱን ከወሰድክ በኋላ «መልስልኝ» ብልህ እንዳትመልስ። ብለምንህም።

ፊዳ፦ ቢያለቅሱስ?

ባሻራት፦ ካለቀስኩማ ጭራሽ አትመልስ! ጨዋታው ተዋጣልኝ ማለት ነው።

ፊዳ፦ እሺ። እርስዎ ካሉ።

(አንድ ረጅም ሰው ይመጣል። ጉንጩ በፓን ቅጠል ተወጥሯል። ጉንጩን በፓን የሞላ ሰው አፉን ከከፈተ ሸሚዙ በቀይ ምራቅ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሰውየው አይናገርም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ይሰጥና በቀጥታ ወደ መኪናዋ ይሄዳል። በጣቱ አንጓ ቆርቆሮዋን እያንኳኳ፣ ጆሮውን እየለጠፈ ይዞራታል።)

ባሻራት፦ (በሹክሹክታ) አየኸው? ቀለሟ የፋብሪካ ይሁን የሰፈር በድምፁ እየለየ ነው። ይሄ ተራ ገዢ አይደለም፤ ባለሙያ ነው።

ፊዳ፦ ባለሙያስ ነው። ጋሼ፣ እሱ እኮ...

ባሻራት፦ ጋሼ አትበለኝ! አታውቀኝም አልኩህ!

ፊዳ፦ እሺ ጋሼ።

(ባሻራት እስከ መንገዱ መጨረሻ ይሄዳሉ። የፀሐይ መነጽር አድርገው፣ ከሩቅ አገር እንደመጣ ሰው እየተንጎራደዱ ይመለሳሉ። ከመንገዱ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንሥቶ ያያል፤ ግማሽ ጢሙን የተላጨ ደንበኛውም አብሮ ያያል።)

ባሻራት፦ (ጮክ ብለው) አንተ ወንድም! ይቺ የምታምር መኪና የማን ናት?

ፊዳ፦ የእኔ ናት። እህቴ እንዴት አደረች?

ባሻራት፦ (ጥርሳቸውን ነክሰው) የምን እህት? እኔና አንተ አንተዋወቅም።

ፊዳ፦ ይቅርታ። እህት የለኝም።

ባሻራት፦ ስንት ነው የምትሸጣት?

ፊዳ፦ ስንት በል ነበር ያሉኝ?

ባሻራት፦ አምስት መቶ ሺህ ሩፒ! ከፊትህ ያስታውቃል! በነጻ ማለት ነው፣ ወሰድኳት!

(ሰውየው ዘወር ብሎ እንኳ አያያቸውም። ኮፈኑን ከፍቶ ጣቱን ዘይት ውስጥ ነክሮ ያሸትታል። ራሱን ይነቀንቃል።)

ባሻራት፦ አልቀበልም እያለ ነው! ስድስት መቶ ሺህ!

ፊዳ፦ የጨመሩት በራስዎ ዋጋ ላይ ነው እኮ።

ባሻራት፦ አንተ ዝም በል፣ ሻጭ ነህ!

(ሰውየው ከመኪናዋ ሥር ይገባል። ማርሚታው ሁለት ጊዜ ይመታል፤ አንድ ነገር ተሰብሮ ይወድቃል። ሰውየው ወጥቶ ለፊዳ ሰባት ጣት ያሳያል፤ ቀጥሎም ስምንት።)

ባሻራት፦ (በሹክሹክታ) ሰባት መቶ ሰማንያ ሺህ! ፊዳ፣ ሰውየው አብዷል!

ፊዳ፦ ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ ብቻ ያድምጡኝ፣ ይሄ ሰው...

ባሻራት፦ ዝም! አሁን ብንነካው ዘጠኝ መቶ ይላል። (ጮክ ብለው) ስምንት መቶ ሺህ! በዚያ ላይ ቀብድ አሁኑኑ!

(ባሻራት እጃቸውን ወደ ውስጥ ኪሳቸው ይሰዳሉ። ዛሬ ጠዋት እቁብ ወጥቶላቸዋል፤ ሰማንያ ሺህ ሩፒ። ሚስታቸው ራዚያ ማቀዝቀዣ ልትገዛበት በረንዳው ላይ ቦታ ጠርጋ እየጠበቀች ነው። ገንዘቡን ከነጎማ ማሰሪያው ከፍ አድርገው ለመንገዱ ሁሉ ያሳያሉ።)

ባሻራት፦ ሰማንያ ሺህ! ሰዎች፣ ምስክር ሁኑ! ይቺን መኪና በስምንት መቶ ሺህ ገዝቻለሁ፣ ይኸው ቀብዱ!

(ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ምስክርነቱን ይቀበላል። ባለ ግማሽ ጢሙም ይቀበላል። ፊዳ ገንዘቡን ደረት ኪሱ ከትቶ የኪሱን ቁልፍ ይቆልፋል። ሰውየው ኮፈኑን ይዘጋል። ወደ ቦዩ ሄዶ ፓኑን ይተፋል፤ አፉን ይጠርጋል።)

ሰውየው፦ ፊዳ፣ ሞተሩ ወርዶ ይታደሳል። በሩንና ማርሚታውን ጨምሮ፣ በጣቴ እንዳሳየሁህ ሰባ ስምንት ሺህ ነው። ዛሬ ከጀመርኩ ዓርብ ትረከባታለህ። ቆጣሪው ሌላ አንድ ዙር ይዞርልሃል።

(ባሻራት መነጽራቸውን ያወልቃሉ።)

ባሻራት፦ ይሄ... ማነው?

ፊዳ፦ ኡስታድ ገፉር ነው ጋሼ። መካኒኩ።

ባሻራት፦ መካኒክ! ምነው ሳትነግረኝ!

ፊዳ፦ እንደ ቆጣሪው አራት ጊዜ ከዜሮ ጀመርኩ። አራቴም አቋረጡኝ። እኔ ደግሞ የእህቴን ባል አላቋርጥም።

ባሻራት፦ በል ገንዘቤን መልስ።

ፊዳ፦ (በአድናቆት) አቤት ሲችሉበት!

ባሻራት፦ ጨዋታ አይደለም! መልስልኝ ነው የምልህ!

ፊዳ፦ «ብለምንህም አትመልስ» ብለውኛል።

ባሻራት፦ ያኔ ገዢ ያለ መስሎኝ ነዋ! በራዚያ ሞት፣ ማቀዝቀዣ የጠበቀች ሴት ጋ ባዶ እጄን ልግባ? (ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።)

ፊዳ፦ ማልቀሱም መጣ! ኡስታድ፣ እዩልኝ፣ እንባው እኮ እውነተኛ ነው!

ባሻራት፦ ፊዳ! የማወራው የምሬን ነው!

ፊዳ፦ የምር ከሆነማ ሕጉ አለ። እኔ ብመልስ ሻጭ ሐሳቡን ለወጠ ማለት ነው፤ እጥፍ እከፍላለሁ። መቶ ስልሳ ሺህ ከየት አመጣለሁ ጋሼ?

ባሻራት፦ አንተ አልለወጥክም! የለወጥኩት እኔ ነኝ!

ፊዳ፦ ገዢ ከለወጠ ቀረበት። ንቅንቅ የለም።

ባሻራት፦ እንግዲያው አልለወጥኩም! መኪናዋን እወስዳለሁ!

ፊዳ፦ እንኳን ደስ አለዎ! (ቁልፉን በሁለት እጁ ያቀርባል።) የቀረው ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ነው። በዚያ በኩል አይግቡ፣ ከውጭ አይከፈትም።

(ባሻራት ቁልፉን ያያሉ። መኪናዋን ያያሉ። ከሥሯ የወደቀውን ቁራጭ ያያሉ። ማዶ ፀጉር አስተካካዩ መላጨቱን ጭራሽ ትቶታል። በዚህ መሃል ኑዝሃት አዲሱን ነጭ የነርስ ጋዋኗን ለብሳ ከበሩ ብቅ ትላለች፤ እጅጌው ረዝሞባት አባቷ እንዲያሳጥርላት ነው። አጎቷን ስታይ ፈገግ ትላለች። ባሻራት ያቺን ልጅ በጀርባቸው አዝለው ነው ያሳደጓት፤ ልባቸው ሳይወዱ ይራራል።)

ባሻራት፦ (በቀስታ) ትጠገን።

ፊዳ፦ ምን አሉኝ ጋሼ?

ባሻራት፦ ትጠገን! ልጅቷ ትማር! ለራዚያ ግን አንተ ነህ የምትነግራት፤ እኔ ዛሬ ቤት አልገባም።

ፊዳ፦ እነግራታለሁ። ማቀዝቀዣውን ኑዝሃት ከመጀመሪያ ደመወዟ ትገዛላታለች። የተረፈችው ሁለት ሺህ ለጣፋጭ ትሆናለች፤ ቆጣሪው አምስተኛ ሲዞር መጀመሪያ የሚቀምሱት እርስዎ ነዎት።

(ኡስታድ ገፉር አዲስ ፓን ጉንጩ ውስጥ ይከትታል። ለእሱ ወሬው አልቋል። ባሻራት ብስክሌታቸውን ከግድግዳው ያነሣሉ፤ ከዚያ መልሰው ያስደግፏታል።)

ባሻራት፦ ፊዳ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሳይገባህ ቀርቶ ነው... ወይስ ገብቶህ?

ፊዳ፦ ኧረ እኔ ቀስ ብሎ ነው የሚገባኝ ጋሼ። ዛሬ ሙሉ የገባኝ ያቺ «ጭንቅላትህ ውስጥ አስቀምጠው» ያሉኝ ቃል ብቻ ናት፤ ለዚች መኪና ማሳደሻ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ቂል ነው። (ቁልፉን ለኡስታድ ገፉር ይሰጣል።) እኔ አንድ ሩፒ አላወጣሁም።