በአባት አልጋ ላይ የተሰጠ ፈተና

በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ አንዲት ክብርት ፈታኝ አትጠፋውም። ከሐኪሙ በላይ የምታውቅ፣ ከበሽተኛው በላይ የሚያማት፣ መልአክ እንኳ ቢላክላት የክንፉን ንጽሕና ሳታይ የማታስገባ ሴት ናት። በዚህ ቤት ማዕረጉ የደረሰው ለበኩር ልጅ ነው። ስሙን ያወጣላት ደግሞ ታናሽ ወንድሟ።

አባታቸውን ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው ሲዝል፣ ሐኪሙ አንድ ነገር አጥብቆ ተናግሮ ነበር፤ "እግራቸው ሳይደርቅ ቶሎ ማሠራት ነው። ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ፈልጉ።"

ክብርት ፈታኝ የቤት ለቤት ሕክምና ወደሚሰጥ ድርጅት ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት በትዕግሥት አስረዳቻት። "መርፌና ቁስል ከሆነ ነርስ እንልካለን። እግር ለማሠራት ፊዚዮቴራፒስት ነው። ማጠብ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ ከሆነ ደግሞ አስታማሚ። መጀመሪያ አባትሽ የሚያስፈልጋቸውን..."

"ሁሉንም የሚችል አንድ ሰው ላኪልኝ" ብላ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ድርጅቱ የላከውን ሰው ሁሉ ትፈትን ጀመር። ፈተናው እንዲህ ነው። አባትየው መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ክብርት ፈታኝ ጫማዋን አውልቃ አልጋቸው ላይ ትወጣለች፤ ግራ እጇንና ግራ እግሯን ትለቃቸዋለች፤ አፏን ትንሽ ታጣምማለች። ከዚያ በአንድ ዓይኗ እያየች፣ "በል እንግዲህ፣ በሽተኛው እኔ ነኝ፤ አንሳኝ" ትላለች።

አንድ ፈርጣማ ነርስ ብድግ አደረጋት። "እንደ ጆንያ ነው ያነሳኝ" ተባለና ወደቀ። አንዲት አስታማሚ እጇ ቀዝቃዛ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ደግሞ ትራስ ሲያስተካክል ተነፈሰ።

"እህ አለ እኮ" አለች ለወንድሟ። "ገና ሳይጀምር ሰለቸው።"

"መተንፈስም ተከለከለ፣ እትዬ?"

"አንተ ምን አለብህ። ተኝተህ ብታየው ይገባሃል።"

ይቺ አነጋገሯ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ትታወቃለች፤ ወንድሟ ለባልደረቦቹ እያስመሰለ ይተርካታል። የአባትየው እግር ግን ፈተናው እስኪያልቅ አልጠበቀም።

አንድ ቀን አንዲት አጭር ፊዚዮቴራፒስት መጣች። አልጋው ላይ የተጋደመችውን ጤነኛ ሰላም ብላ አለፈቻትና መስኮቱ ጋ ቁጢጥ አለች። የአባትየውን ጉልበት በመዳፏ ያዘች።

"አባባ፣ ሲነሡ መጀመሪያ የት መሄድ ነው የሚያምርዎት?"

አፋቸው እስኪታዘዝላቸው ቆዩ። እሷም ቆየች። ወንድምየው ቃል የሚጠብቅ ፊት እንዲያ ያምራል ብሎ አስቦ አያውቅም።

"በረንዳ" አሉ።

"የኔ እህት፣ በሽተኛው እዚህ ነው" አለች ክብርት ፈታኝ ከአልጋው ላይ። ልጅቱ ወደቀች፤ ፈተናውን ረግጣ ሄዳለችና። በሩ ከተዘጋ በኋላም አባትየው ዓይናቸውን ከበሩ አላነሡም። ወንድምየው አይቷል። አልተናገረም፤ ለባልደረቦቹ የሚተርከው ወግ አምሮለት ነበር።

ተፈታኝ ሲጠፋ "ያቺ አጭሯ ትምጣ" ተባለ። ሌላ በሽተኛ ይዛ ነበር። በእሷ ፈንታ የተላከው ጎበዝ ነው። እግራቸውን ቀስ ብሎ አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ደግሞ ሊያጥፍ ሞከረ። "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን..." አለና የቀረውን ዋጠው። ተሽከርካሪ ወንበር ተገዛ።

ወንድምየው እህቱን ሊናገራት ቆርጦ መጣ። አባቱ መታጠቢያ ቤት ነበሩ፤ አልጋው ባዶ ነው። "ተኝተህ ብታየው" ያለችው ትዝ አለውና ተጋደመ። ድሮ የሚጎደጉደው ፍራሽ ጀርባውን ደልደል አድርጎ ተቀበለው፤ ከሥሩ ብርድ ልብስ ታጥፎ ተሰፍቶበታል። ዓይን የሚወጋው አምፖል ቦታው ተቀይሯል። የውኃው ብርጭቆ በቀኝ እጅ ልክ ተቀምጧል። ቁምሳጥኑም ተገፍቷል፤ ትራስ ላይ እንደተኛ በረንዳው ሙሉውን ታየው። በየፈተናው ማግስት ስትገፋ፣ ስትሰፋ ከርማለች፤ እሱ አንዱንም አላየም።

"ተነሣ ከአባዬ አልጋ" አለች በሩ ላይ ቆማ።

"አንሺኝ።"

ትስቃለች ብሎ ነበር። አልሳቀችም። መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና በረንዳውን አየች።

"ሲናገር ሰምቼው ነበር" አለች። "በረንዳ ሲል።"

ወንድምየው ግራ እጁንና ግራ እግሩን ለቀቃቸው። እሷም ሁለት እጇን አፋትጋ አሞቀች፤ ከዚያ ልታነሣው ከአንገቱ ሥር አስገባቻቸው።