ካሜራ አንጠልጣዩ አማቼ

አሮጌ የፊልም ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ወረታ ላይ ገጥሞኛል፤ ይባስ ብሎ የእህቴ ባል ነው። «በስልክ የተነሳ ፎቶ ነፍስ የለውም» ይላል።

አምና ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ አጎቴ አያ ሞላ ዘንድ ወሰድሁት። አጎቴና ባለቤታቸው አብረው ፎቶ ተነስተው አያውቁም፤ የሩዝ አጨዳቸውን ትተው፣ ነጭ ለብሰው ቤታቸው ፊት ቆሙ። አማቼ የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት ማስተካከል ጀመረ። ደመና ሲመጣ ያዘገየዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ያፈጥነዋል። ጥበብ መቼ ይቸኩላል? የአዛውንቶቹ ጉልበት ግን መንቀጥቀጥ ያዘ።

«ልጄ፣ መተንፈስ ይፈቀዳል?» አሉ አያ ሞላ።

«ትንሽ ይታገሡ!»

በመጨረሻ አነሳ። መዝጊያውን ከልክ በላይ አዘግይቶት ኖሮ፣ ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሲንቀጠቀጡ የነበሩት ባልና ሚስት እንደ ጉም ተነዋል፤ ያልተነቃነቀው ቤት ብቻ ጥርት ብሏል። አማቼ «ሥራ በዛብኝ» አለና ማድረሱ በእኔ ላይ ወደቀ።

አያ ሞላ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩት። «ቤታችን እንዴት አምሮ ወጥቷል!» አሉኝ።

ባለቤታቸው ግን ጠጋ ብለው «እኔ የትኛዋ ነኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አንገቴን ደፍቼ ጣቴን ከሁለቱ ጉሞች ባንዱ ላይ አሳረፍሁ። እሳቸው ይሁኑ አጎቴ እኔም አላወቅሁም።