የሠለጠነ ሰው አይጋፋም

የሠለጠነ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው እኔን ተመልከቱኝ። ቡሬ በምሠራበት የጆንያ ፋብሪካ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አደጋ መከላከል ሠልጥኜ ምስክር ወረቀት ይዣለሁ። አሠልጣኙ ደጋግሞ የነገረን፣ «እሳት ሲነሣ አትጋፉ፤ ለሌላው ቅድሚያ ስጡ!» የሚለውን ነው። አሁን ይኼ ለጎጃም ሰው ትምህርት ነው? እኛ ከእናታችን ማሕፀን የወጣነው ራሱ በስንት ልመና ነው!

በሳምንቱ ከጆንያው ክምር ጢስ ተነሣ። ደወሉ ጮኸ። ሁላችንም በሥርዓት ወደ በሩ ሄድን፤ ሄደንም ቆምን።

«ጋሽ አንተነህ፣ ይቅደሙ» አልኩ አለቃዬን።

«ኧረ በሞትኩት! መሪጌታ እያሉ?»

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ መሪጌታ እያሳሉ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «እናንተ ቅደሙ እንጂ፣ ልጆቼ።»

ሴቶቹም በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው «ታላቅ እያለማ ነውር ነው!» አሉ።

ማንንም ሳያስቀድም የወጣው ጢሱ ብቻ ነበር።

ይኼኔ ሥልጠናው ሲሰጥ በር ሲጠብቅ የዋለው ሙሉ የሚባለው ዘበኛችን ከውጭ ሮጦ መጣ። «ምን አባታችሁ ትጠብቃላችሁ!» ብሎ መሪጌታን ከነጥምጥማቸው ጎትቶ አወጣ፤ እኛንም እንደ ጆንያ ተራ በተራ ወረወረን። ከኋላችን ጣሪያው ወረደ።

በማግስቱ ሪፖርት ተነበበ። ሠራተኛው ላሳየው ሥርዓት ተመሰገነ፤ ዘበኛው ግን ያልሠለጠነ በመሆኑ በአስቸኳይ እንዲሠለጥን ታዘዘ።

ትናንት ምስክር ወረቀቱን ወሰደ። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ተገናኘንና ጎንበስ ብሎ «ይቅደሙ» አለኝ።

ፈራሁ።