በረዶ የገባበት ቢራና የጋሽ ሃሮልድ ምስጋና

ሰው የሚያማርረው ሲከፋው ነው ብሎ የሚያምን ካለ፣ እንግሊዝ አገር አልኖረም ማለት ነው። እንግሊዝ ሲከፋው ያመሰግናል። «በጣም ደስ ይላል» ካለ ነገሩ አልጣመውም፤ «እጅግ በጣም ደስ ይላል» ካለ ደግሞ ዓይኑ ኮቱን እየፈለገ ነው። የሚያማርረው ሲደላው ብቻ ነው። ይህን ትምህርት የቀሰምኩት አትላንታ ከመምጣቴ በፊት በኖርኩባት ትንሽ የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ሲሆን፣ መምህሬም የአጥር ጎረቤቴ ሃሮልድ ናቸው። «ጋሽ» የምትለውን የጨመርኩላቸው እኔ ነኝ። ሽማግሌን በባዶ ስሙ መጥራት አፌ እምቢ አለኝ።

እዚያች ከተማ ስገባ ቋንቋም ወዳጅም አልነበረኝም። በሬን አንኳኩቶ «ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?» ያለኝ ሰው ጋሽ ሃሮልድ ብቻ ናቸው። ይዘውኝ ወደ ሰፈሩ ሜዳ ሄዱ። ሜዳ ስላችሁ ስታዲየም እንዳይመስላችሁ። ቆርቆሮዋ የሚያፈስ፣ መሬቷ ወደ አንዱ ጎል ያዘነበለ፣ ኳስ ከአጥር ከወጣ የጎረቤት ጎመን ላይ የሚያርፍባት ሜዳ ናት። በረኛው ቧንቧ ሠራተኛ፣ አጥቂው ፖስታ አዳይ። ተመልካቹ ቆሞ ያያል፤ ቆሞም ዳኛውን ይሰድባል። ሲያልቅ አጠገቧ ያለችው መጠጥ ቤት ይገባል። ቢራው ከምድር ቤት ካለ በርሜል በእጅ እየተሳበ የሚቀዳ፣ ጠቆር ያለ፣ አረፋ የማያበዛ፣ በረዶ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ነው። ጠላ የሚያውቅ ሰው አይቸገርበትም። ጋሽ ሃሮልድ በየሳምንቱ ቢራው ቀጥኗል፣ ሜዳው ጨቅይቷል፣ ዳኛው ታውሯል ይላሉ። ከእሳቸው የበለጠ ደስተኛ ሰው አላየሁም።

ዘንድሮ ባለቤታቸው ሞቱ። ስደውል ሁሉ ነገር «ደህና ነው» ሆነ። አየሩ ደህና፣ ቡድኑ ደህና፣ ዳኛውም ደህና። ያኔ ደነገጥኩ። በሉ አትላንታ ይምጡና ጥቂት ይክረሙ አልኳቸው፤ መጡ። ሐሳቤ አንድ ነበር፦ እኚህን ሰው እንደገና ማማረር ማስጀመር።

ችግሩ፣ ጓደኛዬ ደረጀ አትላንታ ዳር ካለችው ኬኔሶ ደረሰልኝ። ደረጀ ሲረዳህ ያስፈራል። «ጋሼን ሰርፕራይዝ ነው የምናደርጋቸው፤ ሁሉንም ሪዘርቭ አድርጌያለሁ፣ አንተ ጀስት ሪላክስ አድርግ» አለኝ። ቅዳሜ መጀመሪያ ስታዲየም ወሰደን። ጣሪያው ተዘግቷል፤ በበጋ ፀሐይ ተቃጥለን ገብተን በማቀዝቀዣ ብርድ ተንቀጠቀጥን። እሺ ይሁን። ግን ሕዝቡ መቼ እንደሚጮህ የሚነግረው የግድግዳው ቴሌቪዥን ነው! እኔ የምለው፣ ለመናደድም ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?

ከዚያ «የእንግሊዝ መጠጥ ቤት» ወደሚባለው ሄድን። በሩ ላይ ቀይ የስልክ ሳጥን ገትረዋል፤ አስተናጋጁ የስኮትላንድ ቀሚስ ለብሷል። ቢራው መጣ። ብርጭቆው ከፍሪዘር የወጣ፣ ከንፈር ላይ የሚጣበቅ በረዶ! ደሜ ፈላ። ጠላ ላይ በረዶ ጨምሮ ለእንግዳ የሚያቀርብ ሰው ቢኖር ሽማግሌ ይላክበት ነበር፤ እዚህ ግን አምሮ እንዲታይ ሎሚ ይሰኩበታል። ጋሽ ሃሮልድ በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንጨት አሉና፣ እጅግ በጣም ደስ ይላል አሉ።

ደረጀ በክርኑ ጎሰም አድርጎኝ «አየህ፣ ኤንጆይ እያደረጉ ነው» አለኝ። ምን ልበለው? ጋባዡ እሱ ነው። ይሉኝታ እንግሊዝና ሐበሻን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ በረዶ አስጠጣን።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከከተማው ወጣ ብላ ወደምትገኘው ኖርክሮስ ሄድን። ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ሣሩ ግማሹ የተላጨ ሜዳ ላይ ቦርጫም ወንድሞቻችን እሑድ እሑድ ይጫወታሉ። የዕለቱ ዳኛ ቀረ። ወዲያው ፊሽካው እኔ እጅ ላይ ወደቀ። እንግሊዝ አገር የኖረ ሰው ዳኝነት ያውቃል ተባለ፤ በዚህ ስሌት እኮ ሮም የኖረ ሁሉ ቀዳሽ ነው። ጋሽ ሃሮልድን የስቶን ማውንቴን ሰፈር ነዋሪዋ እትዬ አስካለ አጠገብ አስቀምጬ ገባሁ። እትዬ አስካለ ጋራዣቸው ውስጥ የጠመቁትን ጠላ፣ የሰው ዓይን እንዳይበዛበት በሻይ ፔርሙስ ይዘው ነው የሚመጡት። ሜዳው ላይ መጠጥ ክልክል ነው።

ከመሐል ሜዳ ሆኜ በወረቀት ኩባያ ሲቀዱላቸው አየሁ። ጋሽ ሃሮልድ ቀመሱ። ፊታቸው ተኮሳተረ። እንደገና ቀመሱ። ጭስ ጭስ ይላል፣ አረፋም የለው፣ አተላም ጥርሴ ውስጥ ገባ እያሉ ባዶውን ኩባያ ዘረጉ።

እትዬ አስካለ ተጨንቀው ወደ እኔ ጮኹ፣ «አልወደዱትም እንዴ?»

«ወደውታል፣ እትዬ። ይቅዱላቸው።»

ፊሽካ ነፋሁ። ወዲያው ከዳር በሚገባ የማውቀው ድምፅ ተሰማ፣ «አንተ ዳኛ! መነጽርህን ትራስጌ ረስተኸው ነው የመጣኸው?»

ተጫዋቹ ሁሉ ወደ ዳር ዞረ። አጥቂ ሆኖ የሚጫወተው ደረጀ እያለከለከ ወደ እኔ ሮጠ። «ሶሪ፣ ጋሼ አፕሴት ሆነዋል መሰለኝ፤ ቤት ልውሰዳቸው?» አለኝ። ንክች እንዳታደርጋቸው አልኩት። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ለእሱ ላብ ነው አልኩት።

ሊያልቅ ሲል ደረጀ ጎሉ ፊት ብቻውን ቀረ። ተከላካዩ ሁለት እግሩን አጭዶ ጣለው። ፔናሊቲ ነው፤ ዕውር እንኳ ያየዋል። ወደ ዳር ዞር ብዬ አየሁ። ጋሽ ሃሮልድ ኩባያቸውን ጨብጠው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። በፊሽካ ፈንታ እጄን አወዛወዝኩ፤ ጨዋታው ይቀጥል አልኩ።

ጋሽ ሃሮልድ ከተቀመጡበት ተነስተው እስኪመሽ ሰደቡኝ። ደረጀ እስከ ዛሬ ስልኬን አያነሳም። ምን ላድርግ፤ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን።