ገመቹ፣ ቀንድ አውጣ፣ ቢራቱ

እኔ ወሬ አልወድም። ሚስቴም የምታማኝ በዚሁ ነው። ስለ አድራሻ ከተነሳ ግን ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ሰበታ ውስጥ የኔን ቤት ለማግኘት ምን ያስፈልጋል? በፋብሪካው አጥር ታጠፍና ኦቦ ቶሎሳ በል፤ ውሻ እንኳ ያሳይሃል። ልጄ ገመቹ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አድራሻ መሥራት ተማረ። ከጓደኞቹ ጋር ባለቤት የሌለው የመጻጻፊያ መረብ ዘርግተናል አለኝ። አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ ቤት ይከፍታል፣ ሌላው እዚያ ይመዘገባል፣ ቤቶቹ መልእክት ይቀባበላሉ። አንዱ ቢዘጋ ሌላው አይዘጋም። እንደ መንደር ነዋ፣ አልኩት። ደስ አለው።

የቸገረው አድራሻው ነበር። ረጅም ነው፣ ቁጥር በቁጥር። አባባ መጻፍ ካልቻሉ አይረባም እያለ ሲቆርጥ ሲቆርጥ ሁለት ስም ቀረ፤ መሐሉ ላይ ኢሜይል ላይ ያለችው፣ ቀንድ አውጣ የምትመስል ምልክት። ገመቹ፣ ቀንድ አውጣ፣ ቢራቱ። ቢራቱ ቡራዩ ያለ ጓደኛው ነው፤ ቤቱን የከፈተው እሱ፣ ቤቱም የሚጠራው በስሙ። ስልኬ ከተዘጋ በዚህ ይጻፉልኝ ብሎ ወረቀቱን ኪሴ ከተተው።

ሳየው ቅር አለኝ። እስቲ ፍረደኝ፤ ከልጅ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የማን ስም ነው? ያሳደግኩት እኔ፣ የሚጠራው በቢራቱ? ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ መለስኩት።

ከዚያ ከተማዋን ወደ እርሻችን የሚያሰፋው ማስተር ፕላን መጣ። ማሳችን ላይ ችካል ተተከለ፣ ወጣቱ መንገድ ዘጋ፣ ተኩስ ሆነ። አንድ ማለዳ የታጠቁ ሰዎች መጥተው ገመቹ የት ነው አሉኝ። ቅዳሜ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስልኩ ዝግ ነው። ወረቀቱን ይዤ ባለሱቁ ጎረቤቴ ከድር ዘንድ ገሰገስኩ።

መንገድ ላይ ግን ቆምኩ። በዚህ ቀን እንኳ ልጄን በሰው ስም ልጥራው? ቢራቱን ሰረዝኩና ቶሎሳ ብዬ ጻፍኩ።

ከድር እንዳለ ስልኩ ላይ ገልብጦ ላከው። “አትምጣ፣ እየፈለጉህ ነው፣ አባትህ።” ብዙ ሳይቆይ መልስ መጣ፤ “እሺ አባባ፣ አልመጣም።” ከድርን አቀፍኩት። ሰው አቅፌ አላውቅም።

ቅዳሜ ገመቹ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ወሰዱት። እነሱ ቤቴን ለማግኘት ማንንም አልጠየቁም።

በኋላ ቢራቱ ነገረን። ለካ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሱሉልታ ልጅ የሆነ ሌላ ገመቹ አለ። እሱም ቤት ከፍቷል፤ ቤቱንም በአባቱ ስም ጠርቶታል፤ ቶሎሳ ብሎ። መልእክቴ የገባው እዚያ ነው። እንዲህ ያለም ልጅ አለ።

የኔ የት እንዳለ የሚነግረኝ የለም። ያኛው ገመቹ ግን ወደ ከድር ስልክ በየሳምንቱ ይጽፋል፤ አባባ፣ አሁን ልምጣ? ይላል። አባትህ አይደለሁም ልለው ስንቴ ሱቁ ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ። ሱሉልታም አንድ አባት ልጁን ሲጠብቅ በሩን እያየ ይሆናል። እሺ አባባ የሚለኝ ግን ከሱ ሌላ አልቀረኝም።

ትናንት ከድር፣ “ኦቦ ቶሎሳ፣ ምን ልበለው?” አለኝ።

“አትምጣ በለው” አልኩት። “አድራሻውን ብቻ እንዳትሳሳት።”