የዶኛ ኖሄሊያ «ይመለስ»

በዓለም ላይ ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ቤት ሁሉ «ይመለስ» የምትል አንዲት ሴት አለች። ልብስ ሰፊ ቤት ከሆነ የጨረስከውን ስፌት ታስፈታሃለች። ዳቦ ቤት ከሆነ ሊጡን በጣቷ ተጭና ፊቷን ታጨማድዳለች። ሁሉም ያውቃታል፣ ሁሉም ይሸሻታል። እኛ ግን የምንሸሽበት የለንም፤ ቢሯችን አንዲት ክፍል ናት።

የእኛዋ እመት፣ በአገራችን አጠራር ዶኛ፣ ኖሄሊያ ይባላሉ። የምንሠራውን ከሌላ ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል። እዚህ ፔሬይራ ከተማ፣ ከስፌት መኪና ጥገና ቤቱ በላይ ካለው ፎቅ ላይ፣ ለአዋቂዎች ብቻ የሚሆን ድረ ገጽ አለን። ባልና ሚስቶች፣ ፍቅረኞች፣ ብቸኞችም በየመኝታ ቤታቸው ራሳቸውን ራቁታቸውን ቀርጸው ይልኩልናል። ያለፈው ይወጣል፣ ያላለፈው ይመለሳል። እኔ ርዕስና ሁለት መስመር መግለጫ እጽፋለሁ። እናቴ የመድኃኒት ማስታወቂያ የምጽፍ ይመስላታል፤ እኔም አላስተባበልኩም።

የሚያልፈውንና የሚመለሰውን የሚለዩት ዶኛ ኖሄሊያ ናቸው። ወጣት ሳሉ በቡና መልቀሚያ ቤት የተበላሸ ፍሬ ሲለዩ ኖረዋል፤ ዓይናቸው ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አላገኘም። መነጽራቸውን ያጠልቃሉ፣ ሹራባቸውን ይሠራሉ፣ ያያሉ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው ያያሉ። ቀጥለው ወንበራቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው ድምፁን ብቻ ይሰማሉ።

«ይመለስ።»

«ምን ሆነ ደግሞ ዶኛ ኖሄሊያ?» ይላል ዶን ዊልማር። የድረ ገጹ ባለቤት ነው፤ ከሁላችንም በዕድሜ ያንሳል፣ ከሁላችንም በላይ ይጨነቃል።

«ሰውየው ካልሲውን አላወለቀም። ካልሲውን ያላወለቀ ወንድ ሊሄድ ያሰበ ወንድ ነው።»

ሌላ ጊዜ ኮሞዲኖው ላይ አሬፓ የምንለው የበቆሎ ቂጣ ፍርፋሪ ያለበት ሳህን አይተው መለሱ። አልጋው ሲያቃስት ሰምተው «የማን ድምፅ እንደሆነ ስለማይታወቅ ብሎኑ ይጥበቅ» ብለው መለሱ። አንዲት ቆንጆ ሴት ስታቃስት ሰሙና «ይቺ ልጅ የጣሪያውን ቆርቆሮ እየቆጠረች ነው፤ ሲያምራት ትቅረጽ» አሉ። የእኔንም አይምሩም። «የእሳት ምሽት» ብዬ የጻፍኩትን ርዕስ አንብበው፣ «ኦቶኒኤል፣ ቀን ነው እኮ፤ በመስኮቱ ፀሐይ እየገባ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሌሎቹ ሲስቁ እኔ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

ከሕጎቻቸው ሁሉ ዶን ዊልማርን ፀጉሩን የሚያስነጨው ግን የሥዕሉ ሕግ ነው። በእኛ አገር መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከአልጋው ራስጌ፣ የካርመን እመቤት የምንላት የቅድስት ድንግል ሥዕል አለች። ለካሜራ የሚተኛ ሰው አስቀድሞ ሥዕሏን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ይሄን ማንም ለማንም አላስተማረም፤ ሰው ሁሉ እናቱ ቡጢ ሳታነሳበት የሚታዘዘው ነገር ነው። ዶኛ ኖሄሊያ ደግሞ የሥዕሏን ጀርባ በዓይናቸው ካላዩ አያሳልፉም። «እሷ እንድታይ የተገደደችበት ሥራ ከዚህ ቤት አይወጣም» ይላሉ። የእኛን ቪዲዮዎች ከሩቅ አገር የሚያይ አንድ ደንበኛ፣ ከየአልጋው በላይ ያለው ቡናማ ጣውላ የምን ሃይማኖት ምልክት እንደሆነ ጽፎ ጠየቀን። መልሱን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። እስካሁን አልጻፍኩም።

እንግዲህ በዚያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የዩራኒ ቪዲዮ መጣ።

ዩራኒን ሁላችንም እናውቃታለን። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ መሃል ከተማ ጥፍር በሚያስውቡበት ቤት የምትሠራ፣ ከፍቅረኛዋ ከዬይሰን ጋር የምትቀርጽ ሴት ናት። እሷ ካሜራውን ከከፈተች በኋላ ነው አልጋው ላይ ቆማ፣ አማትባ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ እስቲ ትንሽ ዞር በይልኝ» ብላ ሥዕሏን የምታዞረው። ይሄ ቁራጭ ከመውጣቱ በፊት ይቆረጣል፤ እኛ ግን ሁሌም እናየዋለን፣ ሁሌም እንስቃለን።

የዚያን ዕለቱን የላከልን ዬይሰን ነበር። ዶን ዊልማር አይቶት ከወንበሩ ተነሳ።

«አያችሁ? አያችሁ! ይሄን ነው ስፈልግ የኖርኩት! ካሜራውን አንዴም አታየውም፤ እንዲያው እቤቷ እንዳለች!» አለ። አዲስ ገጽ ሊከፍት ማስታወቂያውን ካስነገረ ሰንብቷል፤ ያልተተወነ፣ እውነተኛ ፍቅር የሚታይበት ገጽ። መክፈቻው ያን ቀን አመሻሽ ላይ ነበር፤ የሚከፍትበት ቪዲዮ ግን አልነበረውም። «ኦቶኒኤል፣ ርዕስ! ቶሎ!»

ርዕስ መጻፍ ጀመርኩ። ዶኛ ኖሄሊያ ድምፁን አጥፍተው አዩ። ሹራባቸውን አስቀመጡ። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ሹራባቸውን ሲያስቀምጡ አይቼ አላውቅም።

«ሥዕሏ አልዞረችም» አሉ።

«ጀመሩ!» አለ ዶን ዊልማር። «እናደበዝዛታለን። እንቆርጣታለን። ከፈለጉ የአበባ ማስቀመጫ እንስልባታለን።»

«ስለ ሥዕሏ አይደለም ዊልማር፤ ስለ ልጅቷ ነው። ዩራኒ ሳታዞራት ተቀርጻ ታውቃለች?»

«ረስታው ይሆናላ!»

«አንተ እናትህ ፊት ልብስህን አውልቀህ ቆመህ፣ ረስቼው ነው ትላለህ?»

ዶኛ ኖሄሊያ በጣታቸው ስክሪኑን ነኩ። ቪዲዮው የተቀረጸው ከታች፣ ከልብስ ክምር መሃል በመሰለ ቦታ ነበር፤ ጫፉ ላይ የካልሲ ጥላ ይታያል። «ካሜራውን የማታየው ጎበዝ ተዋናይ ስለሆነች አይደለም» አሉ። «እንዳለ ስለማታውቅ ነው።»

ዶን ዊልማር ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ግን መልሶ አጠነከረው። ዬይሰን ጋ ደወለ። የዬይሰን ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው፦ «ተስማምታለች አልኩህ እኮ ወንድሜ! አሁን ሥራ ላይ ናት፣ አትረብሿት። አሮጊቷ ናት አይደል? ይቺን ደረቅ አሮጊት ጡረታ አታወጣትም እንዴ?»

«ሰማችሁ፣ ተስማምታለች» አለ ዶን ዊልማር ስልኩን ዘግቶ። «ዶኛ ኖሄሊያ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ሰው እየጠበቀ ነው። ዛሬ የማይወጣ ከሆነ ሰኞ እዚህ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል።» ማውሱን ያዘ።

ዶኛ ኖሄሊያ እጃቸውን እጁ ላይ ጫኑ። የዶን ዊልማር እጅ ከታች፣ የሳቸው ከላይ፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። «ካልሲ ሲሆን ይመለስ እላለሁ፣ ነገ ሌላ ካልሲ ይመጣል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይሄ ግን ከዚህ ከወጣ ማንም አይመልሰውም። አንተም አትመልሰውም፣ እኔም አልመልሰውም። እሷ ነገ የማን ጥፍር ይዛ ቀና ብላ ታያለች?»

ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ኦቶኒኤል፣ ጥፍር ቤቷ ደውል።»

እኔ ስልክ መደወል የሚያስፈራኝ ሰው ነኝ። ፒዛ እንኳ የምታዝልኝ እህቴ ናት። ግን ዶን ዊልማር «እንዳትደውል!» ሲለኝ ጣቴ ቁጥሩን ጨርሶ ነበር። ጠራ። ጠራ። ዝናቡ ጨመረ። የጥፍር መሞረጃ ሞተር ድምፅ በስልኩ ስፒከር ከወዲያ ማዶ ሲንጫጫ ተሰማ።

«አቤት፣ ዩራኒ ነኝ።»

«እኔ... ኦቶኒኤል ነኝ። ርዕስ ጸሐፊው። ስለ... ስለ ዛሬው ቪዲዮ ነበር።»

«የቱ ቪዲዮ?»

«ዛሬ ዬይሰን የላከው። ቢጫው አንሶላ ያለበት።»

ሞተሩ ዝም አለ። አንዲት ደንበኛ «ምነው የኔ ቆንጆ፣ ምን ሆንሽ?» ስትል ሰማን።

«ቢጫውን አንሶላ እኮ ያነጠፍኩት ትናንት ነው» አለች ዩራኒ ቀስ ብላ። «ትናንት አልቀረጽንም። ከወር በፊት መቀረጽ በቃኝ ብዬዋለሁ እኮ።» ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። «ወጥቷል?»

ዶን ዊልማርን አየሁት። ዶኛ ኖሄሊያ እጃቸውን ከእጁ ላይ አንስተው ነበር። ማውሱ የሱ ብቻ ነበር።

«ወጥቷል ወይ ነው የምላችሁ!»

ዶን ዊልማር ጎንበስ ብሎ ቪዲዮውን ከኮምፒውተሩ አጠፋው። ከቆሻሻ መጣያውም ፈልጎ አጠፋው። «አልወጣም እህቴ» አለ ወደ ስልኩ። «አይወጣምም። የዬይሰንን ሥራ ከዛሬ ጀምሮ አንቀበልም።»

ዩራኒ ስታለቅስ ዶኛ ኖሄሊያ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። «ልጄ፣ ዛሬ እቤት ብቻሽን እንዳትገቢ። ዣንጥላዬን ይዤ እየመጣሁ ነው፤ ዕቃሽን አብረን እናወጣለን። ከዚያ ለሕግ እንነግርበታለን።» ሹራባቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «ኦቶኒኤል፣ ያንን ርዕስ አጥፋው» አሉኝ። አጥፍቼው ነበር።

አዲሱ ገጽ ያን ቀን አልተከፈተም። ሰኞም በዶኛ ኖሄሊያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ዶኛ ኖሄሊያ ነበሩ። ዶን ዊልማር ፓንዴቦኖ የምንለውን የአይብ ዳቦ ገዝቶ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረላቸው። አንዱን ገምጠው፣ «አልበሰለም፣ ይመለስ» አሉ። ከዚያ ሁሉንም በሉት።

የዝናቡ ወራት ካለፈ በኋላ ነው ዩራኒ ከተከራየችው አዲስ ክፍል፣ ብቻዋን ሆና፣ በራሷ ፈቃድ ቪዲዮ የላከችልን። ሁላችንም ከዶኛ ኖሄሊያ ጀርባ ቆምን። ካሜራው ተከፈተ። ዩራኒ አልጋው ላይ ወጣች፣ አማተበች፣ «ይቅርታ እናቴ፣ እስቲ ትንሽ ዞር በይልኝ» አለችና ሥዕሏን አዞረች። ቡናማው ጣውላ ታየ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ካሜራው አየች።

«ዶኛ ኖሄሊያ፣ አዩ አይደል?»

ዶን ዊልማር አፍንጫውን ጠራረገ። እኔ ከዚህ በላይ ጥሩ ርዕስ ጽፌ አላውቅም የምለውን ርዕስ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ዶኛ ኖሄሊያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሹራባቸው ጫፍ ረጅም ጊዜ ጠረጉት፣ መልሰው አጠለቁ።

«መብራቱ ደካማ ነው» አሉ። «ፊቷ በደንብ አይታይም። እንደሷ ያለ ፊት መታየት አለበት። ይመለስ።»

ርዕሴን ሰረዝኩት። እንደዚያን ቀን ደስ እያለኝ የሰረዝኩት ነገር የለም።